«ሌቨል» ከየት መጣ?

«ስንተኛ ሌቨል ደረስክ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከኮምፒውተር ጌም አይደለም። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አሳተሙ። ጨዋታው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ሦስት ዳይስ ትጥላላችሁ፤ ከ3 እስከ 18 የሚመጣው ድምር የገጸ ባሕሪያችሁን ጉልበት ይነግራችኋል። የማሰብ ችሎታ፣ ጥበብ፣ ቅልጥፍና፣ ጽናትና ግርማ ሞገስም እንዲሁ በቁጥር ይለካሉ። ግርማ ሞገስ በዳይስ! የኛ ሽማግሌዎች ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ሌቨል ለመጨመር ደግሞ የልምድ ነጥብ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለምንድን ነው? በ1974ቱ ደንብ ከዋሻ ይዛችሁ የወጣችሁት አንድ ወርቅ በመሠረቱ አንድ ነጥብ ነበር። ስለዚህ ብልጥ ተጫዋች ዘንዶውን አይገጥምም። ዘንዶው ሲተኛ ወርቁን አፍሶ ላጥ ይላል።

በ1986 የወጣው የጃፓኑ «ድራገን ኩዌስት» ግን ነጥቡን የሚሰጠው ለገደለ ነው። ተጫዋቹም ከመንደሩ ዳር ሳይርቅ ያንኑ ምስኪን ስላይም ሲወቅጥ ይውላል።

«ፋይናል ፋንታሲ 2» በ1988 ሌቨልን ጭራሽ ሰረዘው። ሰይፍ ያዘወተረ በሰይፍ ይጎብዛል፤ የተመታ ደግሞ ዕድሜው ይጠነክራል። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ተጫዋቾቹስ? ቶሎ ለማደግ የገዛ ጓዶቻቸውን ይደበድቡ ጀመር።

በ2006 በወጣው «ኦብሊቪየን» ደግሞ እናንተ ስታድጉ ጠላቶቻችሁም አብረው ያድጋሉ። ታዲያ ማደጉ ለምኔ? ተራው ሽፍታ ሳይቀር የንጉሥ ዋጋ የሚያወጣ ጥሩር ለብሶ መንገድ ላይ ያስቆማችሁና መቶ ወርቅ አምጡ ይላችኋል።