ውሃ የሚተኛበትን ቦታ መገመት ተችሏል፤ ማዳኑስ?

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ኮንጎዎች ድንበር ላይ የአማራ ክልልን የሚያህል ረግረግ አለ። ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች ለዘመናት ሲመላለሱበት ኖረዋል። ከሥሩ የተከማቸው ነገር ስፋት ግን ለዓለም የተነገረው በ2017 ነው። እዚያ ለመድረስ አርባ ዓመት ገደማ የፈጀ ታሪክ አለው።

በ1979 ኪዝ ቤቨንና ማይክ ከርክቢ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ቀመር አሳተሙ። ቀመሩ ስለ እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ውሃውን ወደዚህ የሚያፈሰው መሬት ምን ያህል ሰፊ ነው? ቦታው ራሱስ ምን ያህል ተዳፋት ነው? ብዙ ውሃ የሚመጣበት፣ ግን ሜዳ ስለሆነ ቶሎ የማይወጣበት ቦታ ረግረግ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

የመሬቱ ቅርጽ ብቻውን ግን አይበቃም። የአፋሩ ዳናክል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ የሚታየው ግን በአብዛኛው ጨው ነው። ምክንያቱም ከሚዘንበው የሚተነው ይበልጣል። ስለዚህ ከቀመሩ ጎን የዝናብና የሙቀት መረጃ መቀመጥ አለበት።

ቀመሩ ቢኖርም የከፍታ መረጃው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት በረራ 80 በመቶ የሚሆነውን የምድር የብስ በራዳር ለካች። መረጃው በነፃ ተለቀቀ። ማንም ኮምፒውተር ያለው ሰው ሄዶ የማያውቀውን ሸለቆ ማጥናት ቻለ።

ግሬታ ዳርጊና ሳይመን ሉዊስ የኮንጎውን ረግረግ የፈለጉት በዚህ መንገድ ነው። የከፍታ መረጃውን፣ በዛፍ ሥር የተኛን ውሃ የሚለይ ራዳርንና የዕፅዋት የሳተላይት ምስልን አጣመሩ። ካርታው ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይሰጥም፤ ራዳሩ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የሚለካው ከመሬቱ ይልቅ የዛፉን ጫፍ ነውና። ስለዚህ ከ2012 ጀምሮ ከኮንጎ ብራዛቪል ባልደረቦቻቸውና ከነዋሪዎች ጋር ጭቃውን በእግራቸው ገቡበት። ያገኙት እስከ 5.9 ሜትር የሚጠልቅ ፒት ነው፤ ውሃ ስለሸፈነው ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ከ10,000 ዓመት በላይ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት። ስፋቱ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የያዘው ካርቦን 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ተብሎ ተገመተ። ረግረጉ ከደረቀ ይህ ካርቦን ወደ አየር ይወጣል።

ከዚያስ? በማርች 2018 ሁለቱ ኮንጎዎችና ኢንዶኔዥያ ፒቱን ለመጠበቅ ብራዛቪል ላይ ቃል ገቡ። በጁላይ 2022 ዴሞክራቲክ ኮንጎ የነዳጅ ፍለጋ ቦታዎችን ለጨረታ አወጣች፤ ከፊሎቹ እዚሁ ረግረግ ላይ ያረፉ ነበሩ። በኦክቶበር 2024 የነዳጅ ጨረታው ተሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት ግን የውድድር ማነስና ሥርዓት ያልጠበቁ ሰነዶች እንጂ የረግረጉ ነገር አልነበረም። የት እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። እውቀቱ ብቻውን አላዳነውም።

ይህ ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። እኛ ዘንድ ቀመሩ ከመምጣቱ በፊት ስሙ ነበረ። ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው፤ የኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ስሙን ያገኘው ከሚቀመጥበት ከዚሁ መስክ ነው። አባቶች ቦታውን በስሙ ለይተው አስቀምጠውልናል። ዛሬ ደግሞ የከፍታ መረጃው በነፃ ይገኛል። ጨፌ ላይ ቦታ ሸንሽኖ ካርታ የሚሰጥ የመሬት አስተዳደር «አላወቅንም ነበር» የሚልበት ምክንያት የለውም። ቤት ሲሠራበት የሰፈሩ ስም ሊቀየር ይችላል፤ ተዳፋቱ ግን አይቀየርም፤ ክረምት ሲመጣም ውሃው የሚሄደው ወደዚያው ነው።