የደንዳኔ ኪስ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሆዱን የታመመ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው አሜባን ወይም ታይፎይድን ነው። ሳይታከም የሚጠጣ ውኃ ባለበት አገር ጥርጣሬው አይፈረድበትም። እዚህ የማነሳው ግን ከተሕዋስያን ጋር የማይገናኝ ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ዳይቨርቲኩሎሲስ ይሉታል፣ በአማርኛ «የደንዳኔ ኪስ» ብንለው ይገልጸዋል።

ደንዳኔ ትልቁ አንጀት ነው። የደም ሥሮች ጡንቻውን ዘልቀው በሚገቡበት ቦታ ግድግዳው ይሳሳል፤ ውስጡ ያለው ግፊት ሲበረታ የአንጀቱ ሽፋን በዚያ በኩል ወደ ውጭ ይወጣና አተር የሚያህል ከረጢት ይሆናል። አብዛኛው ሰው ኪሱን ይዞ ሳያውቀው ይኖራል። ኪሱ ሲቆጣ (ዳይቨርቲኩላይተስ) ግን ትኩሳትና ከእምብርት በታች፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ የሚጸና ሕመም ያመጣል። ምንም ሳያምም በድንገት ብዙ ደም የሚፈስበት ጊዜም አለ።

በምዕራቡ ዓለም ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኪስ አላቸው። ኡጋንዳ ውስጥ ለዓመታት የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት በአፍሪካ ገጠር ይህን በሽታ አልፎ አልፎ እንኳ ማግኘት ከባድ እንደሆነ አስተዋለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ከኒል ፔይንተር ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያቱ አሰር ያነሰው ምግብ ነው አለ። በዚህ አባባል ከሄድን የበቆሎና የማሽላ ገንፎ የሚበላ የባሮ ወንዝ ዳር ሰው የተጠበቀ ነው። ይህ ሐሳብ ማራኪ ቢሆንም እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፦ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሰር አብዝተው የሚበሉ ሰዎች ኪሳቸው ያነሰ ሆኖ አላገኘም፤ በምሥራቅ እስያም ኪሱ በብዛት የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው። ዘርና ዕድሜም ድርሻ አላቸው ማለት ነው። ሆኖም ኑሮ መለወጡ ለውጥ ያመጣል፤ ስዊድን የገቡ ስደተኞች እዚያ በቆዩ ቁጥር በዚህ ሕመም ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው እያደገ ሄዷል። ሚኒሶታ የሰፈሩ አኝዋኮችና ኑዌሮች ይህን ቢያውቁት አይከፋም።

በአገራችን ግን ቀዶ ሐኪሞች በደንዳኔ የታችኛው ግራ ክፍል ላይ አዘውትረው የሚያገኙት ሌላ ችግር ነው፦ የአንጀት መጠማዘዝ።

ወደ ኪሱ ስንመለስ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ኪሱ ውስጥ ይሰነቀራሉ የሚለው የቆየ ምክር በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ውድቅ ሆኗል።

ዕድሜዎ ከገፋና ከሰገራዎ ጋር ደም ካዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው አይለፉት፤ በአፋጣኝ ይመርመሩ።