በመንገድ ላይ የታለፉ ከተሞች፦ የሕፃናት የባህርይና የስሜት መታወክ ጥናት በኢትዮጵያ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን አቋርጦ፣ የገፈርሳን ግድብ አልፎ ወደ ሆለታ ይዘልቃል። ወደ ቡታጅራ የሚሄደው ደግሞ በሰበታ አቅጣጫ ወጥቶ ዓለም ገና ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ስለ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የባህርይና የስሜት መታወክ በብዛት ከሚጠቀሱት የማኅበረሰብ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአምቦ ወረዳ፣ ሁለተኛው በቡታጅራ ገጠር፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ እንዲሁም በሰሜን በኩል በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘው ሱሉልታ በሦስቱም ውስጥ የሉም። ሆኖም በእነዚህ ከተሞች በጤና ጣቢያ ተመድቦ የሚሠራ መኮንን ወይም ነርስ በትምህርት ቤት የሰማቸው ቁጥሮች በአመዛኙ ከእነዚሁ ጥናቶች የተወሰዱ ናቸው። ቁጥሮቹ በማን፣ እንዴትና ምን ተጠይቆ እንደተገኙ መመርመር የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና የጀመረው ለአዋቂዎች ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በቡራዩ በኩል የሚገኘው የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያም ቢሆን ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች የሚመለከት ተቋም እንጂ የሕፃናት ቦታ አልነበረም። የሕፃን ባህርይ የቤተሰብ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። የሚያውከው ልጅ «ባለጌ» ወይም «ቀበጥ» ይባላል፤ የሚፈራውና የሚገለለው «ዓይነ አፋር» ተብሎ ይተዋል፤ የሚወድቀው፣ የማይናገረው ወይም ሌሊት እየጮኸ የሚነሣው ደግሞ እንደ ቤተሰቡ እምነት ወደ ጠበል፣ ወደ ደብተራ ወይም ወደ ቃልቻ ይወሰዳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዝምተኛው ልጅ የማንንም ትኩረት እንደማይስብ ልብ ይሏል። ይህ ጉዳይ ወደ ኋላ በጥናቶቹም ውስጥ ይታያል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከቢሻውና ከቫን ሉይክ ጋር በመሆን ስለ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የባህርይ መታወክ የጻፈው ጽሑፍ በ1969 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዘርፉ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ጊል ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላም ጥያቄውን አልተወውም። በ1981 እ.ኤ.አ. በዓለም የጤና ድርጅት ጥላ ሥር ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ያሳተመው ጥናት በሱዳን፣ በፊሊፒንስ፣ በሕንድና በኮሎምቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት የመጡ 925 ሕፃናትን የተመለከተ ነበር። እንደየአገሩ ከ12 እስከ 29 ከመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና መታወክ ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ የጤና ሠራተኞቹ ራሳቸው የለዩት ግን ከ10 እስከ 20 ከመቶ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ የመጡት በአካላዊ ሕመም ምክንያት ነውና ስለ ባህርይ የጠየቃቸው አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ውጤት ቢሆንም፣ ሆዴን ወይም ራሴን ያመኛል እያለ በየወሩ የሚመላለስ ተማሪ ለሚያጋጥመው ባለሙያ አላረጀም።

ከዚህ የድርጅቱ ሥራ ጋር አንድ አጭር የወላጅ መጠይቅ ተያይዞ መጣ። አሥር ጥያቄዎች ብቻ አሉት። የልጁ ንግግር ከሌሎች ይለያልን? እንቅልፉ ይረበሻልን? ያለ ምክንያት ይወድቃል ወይስ ይንቀጠቀጣል? ራሱን ደጋግሞ ያመዋልን? ከቤት ይጠፋልን? ይሰርቃልን? ያለ ምክንያት ይፈራል ወይም ይጨነቃል? ከእኩዮቹ ይልቅ ለመማር ይዘገያልን? ከሌሎች ልጆች ጋር ፈጽሞ አይጫወትምን? ልብሱን ወይም መኝታውን ያበላሻልን? መጠይቁ ሕመምን አይሰይምም፤ ይበልጥ መመርመር የሚገባውን ልጅ ይጠቁማል እንጂ።

በአምቦ ወረዳ የተካሄደውና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው የታደሰ፣ የከበደ፣ የተገኝና የዓለም ጥናት የተጠቀመው በዚህ መጠይቅ ሲሆን፣ ያገኘው መጠን 17.7 ከመቶ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ የአሸናፊና የባልደረቦቹ የቡታጅራ ጥናት 3.5 ከመቶ አገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የአምቦ ልጆች ከቡታጅራዎቹ አምስት እጥፍ ይታመማሉ ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህ ስሕተት ነው። የቡታጅራው ጥናት የተጠቀመው የሕመሙን መመዘኛ አንድ በአንድ እየጠየቀ ወደ ምርመራ ስያሜ የሚያደርስ ረጅም የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ነው። ራስ ምታት ያለበት ልጅ በአምቦው መጠይቅ ሊቆጠር ይችላል፤ በቡታጅራው ግን ራስ ምታት ብቻውን አያስቆጥረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ጠለቅ ያለ ጥያቄ የሚያስፈልጋቸውን፣ ሁለተኛው ደግሞ የምርመራ መመዘኛ ያሟሉትን ይነግረናል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ይበልጥ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ደረጃ የሚፈለገው ስም መስጠት ሳይሆን ልጁን ማየት ነውና።

በቡታጅራው ውጤት ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ከተገኙት ችግሮች በብዛት ቀዳሚው ጭንቀት ነበር። ወላጅ ልጁን ወደ ሕክምና የሚያመጣው ሲያስቸግር፣ ሲሰርቅ ወይም ከትምህርት ቤት ሲባረር ነው። የሚጨነቅ ልጅ ማንንም አያስቸግርም። በተጠየቀበት ጊዜ ግን ተገኘ።

ስለ መንስኤ ብዙ የሚያስተምረው ሦስተኛው፣ የአዲስ አበባው ጥናት ነው። ዳንኤል ፈቃዱ፣ አታላይ ዓለምና ብሩኖ ሄግሎፍ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ከሆናቸው ለሥራ ከተሰማሩ ሕፃናት 20.1 ከመቶው፣ ካልተሰማሩት ደግሞ 12.5 ከመቶው የባህርይ ወይም የስሜት መታወክ ተገኝቶባቸዋል። በሁለቱም ወገን የተጠቀሙበት መሣሪያ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የመጠይቅ ውጤት ነው ሊባል አይችልም። በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንግሊዛዊው ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ በዋይት ደሴት በሚኖሩና በለንደን ማዕከላዊ ክፍል በሚኖሩ የአሥር ዓመት ልጆች መካከል ባደረጉት ንጽጽር የለንደኖቹ መጠን የደሴቲቱን እጥፍ ያህል ሆነ። ልዩነቱ በአብዛኛው የተያያዘው ከወላጆች ጠብ፣ ከወላጅ የአእምሮ ሕመም፣ ከቤት ጥበትና ከትምህርት ቤቱ ሁኔታ ጋር ነበር። ተፈጥሮ የራሱ ድርሻ አለው፤ በተለይ ለቅብጥብጥነትና ለትኩረት ማጣት እንዲሁም ለኦቲዝም ውርስ ከፍተኛ ሚና አለው። ይሁን እንጂ ለተጋላጭ ልጅ የኑሮው ሁኔታ ብዙ ይወስናል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በዚህ መነጽር ሲታዩ የገጠሩ ቁጥርም ሆነ የመዲናዋ ቁጥር ልክ አይሆንላቸውም። የእርሻ መሬት ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ የተለወጠባቸው፣ ለሥራ ከሩቅ የመጡ ወላጆች በኪራይ የሚኖሩባቸው፣ ከገጠር ዘመድ ጋር እንዲማር ተልኮ በቤት ሥራ የሚጠመድ ልጅ የማይጠፋባቸው ከተሞች ናቸው። አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገሩባቸዋል። ከአንዱ የትምህርት ቋንቋ ወደ ሌላው የተዛወረ ልጅ «ለመማር ይዘገያል» ተብሎ በመጠይቁ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ጠያቂው ልጁ በቤቱ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ሳያረጋግጥ ወደ አእምሮ እድገት ውስንነት ማምራት የለበትም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ተፈናቅለው አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ቤቶችና በሌሎች ቦታዎች ተጠልለዋል። ከእነርሱ መካከል ሕፃናት ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ድንጋጤ በኋላ የሚከተለው የእንቅልፍ መረበሽ፣ የትቶት የነበረው መኝታ ማርጠብ ዳግም መጀመርና ከእናት አለመለየት ከወራት በኋላ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል «ሆድ ሕመም» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል።

አገልግሎቱ ከዕውቀቱ ይበልጥ ዘገየ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ደስታ ስለ አዲስ አበባ ሕፃናት የአእምሮ ጤና መታወክ ሥርጭት የዶክትሬት ጥናታቸውን በስዊድን ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። በኦቲዝም ረገድ በሩን የከፈተችው ሐኪም ሳትሆን እናት ናት፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. መሥርተው በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ መርተውታል። በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ከሁሉ የላቀ ያልተሟላ ፍላጎታቸው ለልጃቸው ትምህርት ማግኘት እንደሆነ አሳይቷል፤ 74.5 ከመቶው ይህን ሲጠቅሱ የባለሙያ ሕክምናን የጠቀሱት 47.1 ከመቶ ነበሩ። በእነዚህ ከተሞች ያለ ባለሙያ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ መዲናዋ ሲልክ፣ ወላጁ በልቡ የያዘው ጥያቄ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይረዳል።

በሕክምናው በኩል የዓለም የጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ለሌለባቸው ተቋማት ያዘጋጀው መመሪያ ለባህርይ ችግር መድኃኒትን አያስቀድምም። የሚያስቀድመው ወላጅን ማስተማርን ነው፦ ዱላን መተው፣ መልካሙን ተግባር ወዲያው ማመስገን፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግ፣ ከመምህሩ ጋር መነጋገር፣ የእናቲቱን የራሷን ድብርት መጠየቅና ማከም። ለቅብጥብጥነትና ለትኩረት ማጣት የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት ዕድሜው ከ6 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፣ ያውም ከስፔሻሊስት ጋር በመመካከር ነው። ለማስተኛት ብቻ ሲባል ሃሎፔሪዶል ወይም ዲያዜፓም ማዘዝ ለልጁ ሳይሆን ለአካባቢው ዝምታ የሚሰጥ ሕክምና ነው።

መድኃኒት ራሱ መንስኤ የሚሆንበት አንድ ሁኔታም አለ። በአገራችን ለሚጥል በሽታ በስፋት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ከመጠን ያለፈ ቅብጥብጥነት፣ ንዴትና የትምህርት መቀነስ ያስከትላል። መውደቁ ስለቆመለት «ደህና ነው» ተብሎ በየወሩ መድኃኒቱን ብቻ የሚወስድ ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር ተስኖት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ መጠኑንና ክብደቱን እንደገና ማመሳከር፣ ጠባዩ የተለወጠው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይሁን በኋላ ወላጁን መጠየቅ፣ የሚቻል ከሆነም ወደ ሌላ መድኃኒት ቀስ በቀስ ማዛወር ይገባል። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ ግን ተከታታይና የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።