ድኝ የሚሸተው ዘይት፦ የአጎቴ ላዳና የዲፈረንሻል ታሪክ

የአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ወልቂጤን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። በመንገዱ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኞቹና ከመለዋወጫ ሱቆቹ ደጅ፣ የዘይት ጀሪካን ተደርድሮ ታያላችሁ። ባለፈው ክረምት እኔና አጎቴ ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ግማሽ ቀን ቆመን ተከራክረናል። የክርክሩ መነሻ የአጎቴ ላዳ ናት። ከስድሳ በላይ ሲነዳት ከኋላ በኩል ታላዝናለች።

ሜካኒኩ ድምፁን ሰማና «ዲፈረንሻሏ ነው ጋሼ። 140 ዘይት ይሙሉባት፣ ከላዩ ይቺን ጠርሙስ ጠብ ያድርጉባት፣ ዝም ትላለች» አለ። ባለሱቁ 140 አልቆበት ስለነበር «የሞተር 50 አለኝ፤ ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ገባበት። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ኢንጂነር ነኝ ትላለህ አይደል? እስቲ ፍረድ።»

እውነቱን ልንገራችሁ? አላወቅኩም። የማርሽ ጥርስ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ማስላት ተምሬያለሁ፤ የትኛውን ጀሪካን ልግዛ ለሚለው ግን ማንም አላስተማረኝም። ላዳዋ ደግሞ ለአጎቴ የትዝታ ዕቃ አይደለችም፣ እንጀራው ናት። ኮሮናና ፒኞኗ ከተበላ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከፈረሰ መኪና የወጣ መፈለግ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ መኪና በእንክብካቤ መያዝ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ዘይቱን ሳንገዛ ተመለስንና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት መልስ ከኬሚስትሪው ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ዘይቱ የሚገባበትን ቤት እንክፈተው። ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ በመኪናው ርዝመት ይሽከረከራል፣ ጎማዎቹ ግን በጎን በኩል ናቸው። ስለዚህ ኃይሉ በ90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። የሚያጥፈው ትንሹ ፒኞንና ትልቁ ኮሮና ነው። በመጀመሪያዋ ላዳ፣ በቫዝ 2101፣ ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 43 ጥርስ አለው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ፒኞኑ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው 1.3 ሊትር ዘይት ነው። አንድ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ እንኳን አይሞላም።

በመኪና የልጅነት ዘመን የዚህ ቤት ዘይት ብዙ አያስጨንቅም ነበር። የእንስሳት ሞራም ሆነ የጉሎ ዘይት ይሞላበት ነበር። (ካስትሮል የሚለው ስም ራሱ የጉሎ ዘይት ከሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው ጉሎ ማለት ነው።) ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ በአብዛኛው እየተንከባለሉ ነበር የሚሠሩት፤ ለመንከባለል ደግሞ ወፈር ያለ ማንኛውም ዘይት ይበቃል።

ነገሩን የቀየረው የመኪናው ወለል ነው። ሰዎች ዝቅ ያለ መኪና ፈለጉ፤ ከወለሉ ሥር የሚያልፈው ዘንግ ግን መንገድ ዘጋ። በአሜሪካ የሚገኘው ግሊሰን የተባለ የማርሽ መቁረጫ ማሽኖች ፋብሪካ በ1920ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) መፍትሔ አመጣ፦ ፒኞኑን ከኮሮናው መሃል ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ሃይፖይድ ይሉታል። ፓካርድ በ1926 መኪናው ላይ ገጠመው። ወለሉ ዝቅ አለ፣ ድምፁም ለሰለሰ። ዋጋው ግን ነበረው። ፒኞኑ ከመሃል ሲወርድ ጥርሶቹ መንከባለላቸውን ሳይተዉ በርዝመታቸው ደግሞ እየተፋተጉ መንሸራተት ጀመሩ። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ የእናቶቻችንን ወፍጮ አስቡ። ድቡልቡል ድንጋይ በወፍጮ ላይ ቢንከባለል እህሉን ይጨፈልቀዋል እንጂ አያደቀውም፤ መጁ ወደፊትና ወደኋላ ሲንሸራተት ነው ዱቄት የሚወጣው። ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ እንዲህ ያለው መንሸራተት አለ። ዱቄት ሆኖ የሚወጣው ግን ብረት ነው።

በዚህ ጫና ሥር ተራ ዘይት ከጥርሶቹ መሃል ተጨምቆ ይወጣል። ብረት ከብረት ሲገናኝ በነጥብ ቦታ ለቅጽበት በጣም ይሞቃል፣ ይጣበቃል፣ ይቦጨቃል። ውፍረት መጨመር ብቻውን አላዳነም። ያዳነው ድኝ ነው። ዘይቱ ውስጥ የተሟሟ የድኝ ውህድ ነጥቡ ሲግል ከብረቱ ጋር ይዋሃድና ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ጥርሶቹ የሚፋተጉት በሽፋኑ ላይ ይሆናል። ሽፋኑ ሲላጥ ሌላ ይተካል። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ አይታችኋል፤ እንጀራው ከሸክላው ጋር የማይጣበቀው በመሃል ባለችው ስስ ነገር ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ምጣዱን ራሱ እያሰሰ ይሠራል እንደማለት ነው። ጀሪካኑን ስትከፍቱት አፍንጫችሁን የሚመታው ሽታም ከዚሁ ድኝ የሚመጣ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድኙ ከእርሳስ ውህዶች ጋር ይጨመር ነበር። ለተወሰነ ጊዜ በድኝ የታከመ የዓሣ ነባሪ ዘይትም ተጨምሮበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ አሜሪካ እንስሳውን ለመጠበቅ ስትከለክለው የዘይት ፋብሪካዎቹ ምትክ ፍለጋ ሮጠዋል። ዛሬ የምንገዛው የድኝና የፎስፈረስ ውህድ ያለበትን ነው። መመዘኛውን ያጠበቀው የአሜሪካ ጦር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሚል-ኤል-2105 የተባለ መስፈርት ወጣ፣ በ1962 ደግሞ ጠንከር ያለው 2105ቢ ተከተለ። ጀሪካኑ ላይ የምታዩት «ጂኤል-4» በግምት የመጀመሪያው፣ «ጂኤል-5» የሁለተኛው ዘመድ ነው። ጂኤል-5 የጂኤል-4ን እጥፍ ያህል የግፊት መቋቋሚያ ቅመም አለው።

እንግዲህ «ቅመም የበዛበት ይሻላል» ብላችሁ እንዳትሮጡ። አሮጌ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሆድ የለውም። ቮልስ ውስጥ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ አንድ ቤት፣ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ካምቢዮው ውስጥ ማርሽ ስትቀይሩ ፍጥነት የሚያስተካክሉት ቀለበቶች የመዳብ ቅይጥ ናቸው፤ ኃይለኛ ድኝ መዳብን ያጠቁራል፣ ይበላልም። በዚያ ላይ ቀለበቶቹ ሥራቸውን የሚሠሩት በመያዝ ስለሆነ በጣም የሚያንሸራትት ዘይት አይመቻቸውም። ለቮልስ ጂኤል-4 ነው። ፔጆ 404 ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፦ ኮሮናና ፒኞን የለውም፤ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ የብረት ዘንግ የነሐስ ጎማን ያዞራል። ለእርሱ ይታዘዝ የነበረው የጉሎ ዘይት ያለበት ልዩ ዘይት ነው። ጉሎ ከነሐስ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ድኝ ግን ጠላቱ ነው። ሦስቱም አሮጌ መኪኖች ናቸው፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው።

ላዳስ? ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ኮሮና፣ ፒኞን፣ ካምቢዮ እያልን በጣሊያንኛ ስሟን መጥራታችን ያምርባታል። ኋላዋ ሃይፖይድ ነው። ሶቪየቶች ታድ-17አይ የሚባል ዘይት አዘዙላት፤ 17 የሚለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት ይነግረናል። በዛሬው ቋንቋ 90 ቁጥር፣ ጂኤል-5 ማለት ነው።

የባለሱቁን ምክር የሚያፈርሰውም እዚህ ላይ ያለ ነገር ነው። እኔ ራሴ 90 ዘይት ከሞተር 50 በእጥፍ ገደማ የወፈረ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሁለቱ የሚለኩበት መስፈሪያ የተለያየ ነው፤ አንዱ በቁና፣ ሌላው በኪሎ እንደማለት። በ100 ዲግሪ ላይ 90 የዲፈረንሻል ዘይት ከ40 እና ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የሞተር 50 ሲሞላባት በውፍረት አይታወቅም፤ በጣት ብታሹት አንድ ነው። የጎደለው ቅመሙ ነው። መኪናዋ ለጊዜው ምንም አትልም፣ ከወራት በኋላ ግን ጥርሷ ይመሰክራል።

140ውስ? በእርግጥ ድምፅ ይሸፍናል። ነገር ግን ጥርሱ የተበላበት ዲፈረንሻል ላይ ማደንዘዣ ነው። ወፍራም ዘይት ሲናወጥ ኃይል ይበላል፣ ይሞቃል፤ ጠዋት ላይ ደግሞ የፒኞኑ ኩሽኔታ ጋ ለመድረስ ይዘገያል። ወልቂጤ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለዚህ አየር 90 ይበቃል። እንደ አጎቴ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ ለሚወጣ ሰውም ቢሆን እኔ ከ90 አልወጣም፤ ዳገቱ ላይ ጥርሱን የሚያድነው ቅመሙ እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ጠርሙሷን በተመለከተ፣ እነዚህ ተጨማሪዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ውስጡ መንሸራተት የሚቆጣጠር ፍሪሲዮን ላለው ዲፈረንሻል ነው። ላዳ ያ የላትም። በደንብ የተሠራ ጂኤል-5 ውስጥ ቅመሙ ተመጥኖ ገብቷል፤ ከላዩ ሌላ ስትጨምሩ ወጥ በልኩ ጨው ካገኘ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ጨው እንደሚበትንበት ነው። በዓለም ዙሪያ አሮጌ መኪና ሻጮች ዲፈረንሻል ውስጥ የእንጨት ብናኝ ከትተው ድምፅ አጥፍተው ይሸጡ እንደነበር አንብቤ ስቄያለሁ። የጠርሙሷ ዓላማም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ይልቅ ድምፁን ስሙት። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ የሚያላዝን ከሆነ የጥርሱ የፊት ገጽ፣ እግራችሁን ስታነሱ ከሆነ የኋላ ገጹ ላይ ጣጣ አለ። ሁልጊዜ የማይለወጥ ጉርምርምታ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

በሳምንቱ ተመለስን። ዘይቱ እንዲቀጥን ላዳዋን ትንሽ ነድተን አሞቅናትና የታችኛውን ብሎን ፈታን። ከ1.3 ሊትር ውስጥ የወጣው ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም። ጥቁር ነው፣ በፀሐይ ሲታይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ሜካኒኩ በጣቱ ነክሮ አሸተተውና ዝም አለ። እኔም አሸተትኩት። ምንም የድኝ ሽታ የለውም፤ ከዚህ በፊት አንድ ቦታ የሞተር ዘይት ሞልተውባታል። የጎደለው የት እንደሄደም ተገኘ። አክሰሉ ላይ ያለችው መተንፈሻ በጭቃ ተደፍናለች፤ ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ወደ ጎማው ገፍቶታል። መተንፈሻዋን ጠረግናት፣ ኦይል ሲሉን ቀየርን፣ 90 ጂኤል-5 እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሞላን።

አሁን ዳገት ላይ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ቁልቁለት ላይ እግሩን ሲያነሳ ግን ትንሽ ታላዝናለች፤ የተበላ ጥርስ በዘይት አይበቅልም። ሜካኒኩ አሁንም ባገኘን ቁጥር «ጋሼ፣ ያቺን ጠርሙስ ብቻ...» ይላል። አጎቴ ለወንድ ልጅ እንቢ ማለት አይሆንለትምና ገዝቷታል። ሳትከፈት ኮፈኑ ውስጥ ከክሪኩ አጠገብ ትንከባለላለች። ወደ ጊቤ ሲወርድ በሶስተኛ ማርሽ ነው፣ ከስድሳ አያልፍም።