ጳጉሜንን የማያውቅ ሰዓት
ከአቃቂ እስከ ጄኔቫ፦ ስለ እጅ ሰዓት፣ ስለ ቅጂና ስለ ማስረጃ

ሰዓት ምንድን ነው ቢሉ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ጊዜን የሚቆጥር መሣሪያ ነው። ‹‹የማንን ጊዜ?›› የሚል ጥያቄ ሲከተል ግን ነገሩ ይከብዳል። ከዚያም አልፎ ‹‹ይሄ ሰዓት ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? የማን ነው? ማስረጃውስ የታለ?›› ሲባል ጉዳዩ ከሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከአቃቂ ቃሊቲ ተነሥተን እስከ ጄኔቫ የሐራጅ አዳራሽ ድረስ እንከተለዋለን። ሁለቱ ቦታዎች የተራራቁ ቢመስሉም የሚያገናኛቸው ሐዲድ አለ፤ ሐዲድ ስንልም በምሳሌ ብቻ አይደለም።

አልፍሬድ ኢልግ የሚባለው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ መጥቶ ምኒልክን ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ምኒልክ በ1894 የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃድ የሰጡት ለርሱ ነበር። ሥራው ግን በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ እየተጓተተ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አቃቂ የደረሰው በ1915፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ኢልግ በ1916 መጀመሪያ በዙሪክ ሲሞት ያለመው ሐዲድ ከዋና ከተማው ደጅ፣ አቃቂ ላይ ነበረ።

ባቡር ደግሞ ያለ ሰዓት አይሄድም። በአንድ ሐዲድ ላይ ከሁለት ወገን የሚመጡ ባቡሮች እንዳይጋጩ የየጣቢያው ሰዓት እኩል መሆን አለበት። ‹‹ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንገናኝ›› መባባል ለለመደ ሰው ደቂቃ የምትባለዋ ትንሽ ነገር ከብረቱ ጋር አብራ መጣችበት።

የኛ ሰው ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኛ ከንጋት እንጀምራለን። ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ነው። የሰዓት ገጽ አሥራ ሁለት ቁጥር ስላለው ስድስት ሰዓት ማለት ግማሽ ዙር ነው። ስለዚህ አጭሩ ቆጣሪ 7 ላይ ሲሆን ከትይዩው ያለውን ቢያነቡ 1 ይላል፤ 10 ላይ ሲሆን 4 ይላል። ደቂቃዋ ግን ለሁለቱም አንድ ናት። አንዱ ሰዓቱን በአበሻ አቆጣጠር ያስተካክላል፤ ሌላው በፈረንጅ ትቶት በተቃራኒው ያነባል። አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ አንድ ጥርስ ሳይቀየር፣ የስዊስ መኪና የኢትዮጵያን ቀን ቆጠረ ማለት ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። የሰው አገር ዕቃ ወስዶ በራስ አእምሮ መተርጎም እኮ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

አቃቂ ከባቡሩ ሌላ የጊዜ ትምህርት ቤት ነበራት። በ1935 የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥራውን የጀመረው እዚያው አቃቂ ነው። በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዋዜማና በጦርነቱ ወራት የኢትዮጵያ አቤቱታ ለውጭው ዓለም የተላለፈው ከዚያ ጣቢያ ነበር። አዲስ አበባ ሲመሽ ኒው ዮርክ ገና ቀን መሆኑን አስልቶ መናገር የግድ ሆነ፤ ድምፅ ሰሚ የሚያገኘው በሰዓቱ ከደረሰ ነውና። ቆይቶም የጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች በአካባቢው ሲተከሉ ላብ አደሩ በፈረቃ ገባ፣ በፈረቃ ወጣ፤ ጊዜ ደመወዝ ሆነች።

እንግዲህ ወደ ጄኔቫ እንሻገር። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ፣ በኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ አውሮፓን ሲጎበኙ ስዊዘርላንድም ገብተው ነበር። በዚያ ጉብኝት ጊዜ ተበረከተላቸው የተባለ አንድ የእጅ ሰዓት አለ። የሠራው በ1839 የተመሠረተው የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ ነው። ቤቱ የወርቅ፣ ገጹ ጥቁር፣ የሞዴሉ ቁጥር 2497 ነው። ይህ ሞዴል ከ1951 ጀምሮ የወጣ ሲሆን በጠቅላላው የተሠራው ከ200 ያንሳል። ቀኑን፣ የወሩን ስምና የጨረቃን መጠን ያሳያል፤ የሰከንዱ ቆጣሪም መሐል ላይ ተተክሏል። የዚህ ዓይነቱን ሰዓት ባለሙያዎች ‹‹ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ›› ይሉታል።

ዘላለማዊ ያሰኘው ምንድን ነው? የፈረንጅ ወር አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ወይም 29 ቀን ነው። ይህን ሁሉ ትርምስ ሰዓቱ በራሱ ያውቃል። በተለመደው አሠራር በውስጡ አንዲት ትንሽ መዘውር አለች፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ጠርዟ በ48 ወር ተከፍሏል። ለ31 ቀን ወር ጠርዙ ሙሉ ነው፤ ለ30 ቀን ወር ጥቂት ጎድጎድ ይላል፤ ለፌብሩዋሪ ጠለቅ ይላል። በጠርዙ ላይ የምትሄድ አንዲት ክንድ ጉድጓዱ ውስጥ በወደቀችበት ጥልቀት ልክ የወሩ ማብቂያ ላይ ቀኑን ታዘልላለች። ብትዘል ብትዘል ግን ከሦስት ቀን አትበልጥም፤ ከ28 ወደ 1።

ነገር ግን ይሄ ‹‹ዘላለማዊ›› ሰዓት ጳጉሜንን አያውቃትም። የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት እጅ ያጌጠ ሰዓት በራሳቸው አገር ቀን ቢጠየቅ መልስ የለውም። የሰዓቱን ቁጥር ገልብጦ ማንበብ ይቻላል፤ ቀኑን ግን ገልብጦ ማንበብ አይቻልም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። የፈረንጁ ሰዓት በ2100 ይሳሳታል። ያ ዓመት በአራት ቢካፈልም በጎርጎርዮስ ሕግ ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም፤ መዘውሯ ግን ይህን ስለማታውቅ በእጅ መታረም አለባት። በኛ አቆጣጠር ግን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን በአራት ዓመት ስንዞር መቶኛ ዓመት የሚባል ማደናቀፊያ የለም። አሥራ ሁለቱ ወር እኩል ሠላሳ፣ ጳጉሜን አምስት፣ በሉቃስ ዘመን ማብቂያ ስድስት፤ አለቀ። በ52 የተከፈለች መዘውር ብትሠራ 48ቱ ቦታ አንድ ዓይነት፣ ሦስቱ ለአምስት፣ አንዱ ለስድስት ይሆናል። በአራት ወንጌላውያን አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ ማንም ሳያርማትም አቆጣጠሩ እስካለ ትሄዳለች። እንግዲያስ ‹‹ዘላለማዊ›› የሚለው ስም ከሁሉ ይልቅ ለዚህችኛዋ በተገባ ነበር። አስቸጋሪው ነገር አንድ ነው። ከጳጉሜን 5 ወደ መስከረም 1 ለመሻገር የቀኑ ቆጣሪ 25 ቀን መዝለል አለበት። የፈረንጁ ክንድ ሦስት ቀን ለማዝለል ያን ያህል ከተጨነቀች ሃያ አምስት ቀን የምታዘልል ክንድ መንደፍ ለመሐንዲስ ተማሪ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ። ይህ የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በጄኔቫ በክሪስቲስ ሐራጅ ሊሸጥ ከቀረበ በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከሽያጭ ተነሣ። በኅዳር 2017 እንደገና ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ አወጣ። ግምቱ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ነበር። በውስጡ ያለው ወርቅ ቢመዘን የዚህን ገንዘብ ኢምንት እንኳ አያወጣም። ታዲያ የተሸጠው ምንድን ነው? ታሪክ ነው የተሸጠው። የኢትዮጵያ ታሪክ።

ይህን ዋጋ የፈጠረው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ነገር እናስታውስ። በ1969 መጨረሻ የጃፓኑ ሴኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ አዋለ። ባትሪና ክሪስታል ያለው ርካሽ ሰዓት ጊዜን በትክክል በመቁጠር ውዱን የስዊስ ሰዓት በለጠው። በስዊዘርላንድ በሰዓት ሥራ ይተዳደር የነበረው ሠራተኛ በ1970 ወደ 90,000 ገደማ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 አካባቢ ወረደ። ሜካኒካሉ ሰዓት ለጊዜ ቆጠራ አስፈላጊ መሆኑ ሲቀር ለመታሰቢያነት ተፈለገ። ሰብሳቢዎች ተነሡ፤ የአሮጌ ሰዓት ዋጋ ናረ። ዋጋ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም።

የአስመሳዩ ሥራ ብዙ መልክ አለው። ቀላሉ በየገበያው የሚታየው ነው፤ ስሙ የትልቅ ፋብሪካ፣ ውስጡ ተራ ባትሪ። ይህን ማንም ይለየዋል፤ የባትሪው ሰከንድ ቆጣሪ በየሰከንዱ ቆም እያለ ይዘላል፤ የሜካኒካሉ ግን በሰከንድ ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ስለሚመታ የሚንሸራተት ይመስላል። ከባዱ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ እውነተኛ፣ ቤቱ ከሌላ ሰዓት የመጣ፣ ገጹ እንደገና የተቀባ ሲሆን ምን እንበለው? እያንዳንዱ ክፍል እውነት፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ውሸት። ስለዚህ መርማሪው በማጉያ መስታወት የማሽኑንና የቤቱን ቁጥር ያነባል፤ የወርቁን ማኅተም ያያል፤ የፊደሉን ቅርጽና የቀለሙን ዕድሜ ያመዛዝናል፤ ጠርዙ በሞረድ በዝቶ መሳሳቱን ይመለከታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ፋብሪካው መዝገብ ይጽፋል። ፓቴክ ፊሊፕ ከድሮ ጀምሮ የያዘውን መዝገብ ገልጦ ይህ ቁጥር መቼ እንደ ተሠራና መቼ እንደ ተሸጠ የሚገልጽ ጽሑፍ ይሰጣል።

ልብ በሉ፤ ያ ጽሑፍ የሚመሰክረው መዝገቡ ውስጥ ስላለው ነው። ሰዓቱ ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደ ኖረ፣ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተላለፈ አይናገርም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ የንጉሣውያን ቤተ ሰብ ንብረትም ተወረሰ። ከእንዲህ ያለ ማዕበል በኋላ ‹‹ይህ ዕቃ የማን ነው?›› ለሚለው ጥያቄ የጄኔቫው መዝገብ ሊመልስ አይችልም። እሱን መመለስ ያለበት የአገር ቤቱ መዝገብ ነው። ስጦታ ሲገባ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ሲወጣ አስፈርሞ፣ ሲወረስ ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ከሌለ፣ መዝገብ ያለው ሰው የኛን ታሪክ ይተርክልናል፤ ዋጋውንም ይተምንልናል። አባቶቻችን ‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል›› ያሉት ለዚህ አይደል?

እዚህ ላይ ‹‹ቅጂ ሁሉ ወንጀል ነው ወይ?›› የሚል ይኖራል። አይደለም! ለዚህ ምስክሯ ራሷ አቃቂ ናት። በደርግ ዘመን መጨረሻ ላይ ሥራ የጀመረው የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ሙያው ምንድን ነው? የተሰበረ ጥርስ ወይም ዘንግ ሲመጣለት ለክቶ፣ ነድፎ፣ ብረቱን አቅልጦና ቆርጦ አምሳያውን መሥራት ነው። ይህ ቅጂ ማንንም አያታልልም፤ የሰው ስም አልለበሰምና። የቆመ መኪና እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል፤ ሠሪውንም ያስተምራል። በብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ ሲጎበኘው የኖረው የድንቅነሽ አፅምም ቅጂ ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ይህንንም ማንም ማጭበርበር አይለውም፤ ቅጂ መሆኑ ይነገራላ።

ልዩነቱ እንግዲህ መቅዳቱ ላይ አይደለም፤ ስሙ ላይ ነው። ሕጉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ባለ ምልክቱን በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በጉምሩክ በርም እንዲከላከል መንገድ ይሰጠዋል። ከጂቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ቃሊቲ ጉምሩክ ሲደርስ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ጥያቄና የጄኔቫው መርማሪ በማጉያው የሚጠይቀው ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ‹‹ነኝ የምትለውን ነህ? ወረቀትህ የታለ?››

ከዚህ ሁሉ ሁለት ሥራ ይተርፈናል። አንደኛው የጽሕፈት ሥራ ነው። በየፋብሪካው ለረጅም አገልግሎት የተሸለሙ ሰዓቶች በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ቆመው ተቀምጠዋል። ማን፣ መቼ፣ ለምን ሥራ እንደ ተሸለመ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ተጠይቆ ይጻፍ። ሚሊዮን ፍራንክ አያወጡ ይሆናል፤ የአቃቂ ላብ አደር ታሪክ ግን በነሱ ውስጥ አለ። ሽማግሌ ሰዓት ሠሪዎችና የብረት ባለሙያዎችም እንደዚሁ ይጠየቁ፤ ዕውቀታቸው ከእጃቸው ጋር እንዳይቀበር።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። የፈረንጁን ሰዓት ገልብጠን ስናነብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን። ብልሃቱ መልካም ነበር፤ ግን የሚያደርሰው እስከ ሰዓቱ ነው፤ እስከ ቀኑ አያደርስም። ባለ 52ቷ መዘውር፣ ሃያ አምስት ቀን የምታዘልለዋ ክንድ፣ ስማችንን የሚጽፍ ገጽ ገና የሚሠሩ ናቸው። ጳጉሜንን የሚያውቅ ሰዓት የማንም ቅጂ ሊሆን አይችልም።