ስሙ ያልተጻፈ ሰው፦ ከዑመር ዲዋን እስከ ሴፍቲኔት መዝገብ



ስለ ዘካና ስለ ሰደቃ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለ ሰጪው ምንዳ፣ ስለ ከልካዩም ተጠያቂነት ያልሰማ የጀመዓችን አባል የለም። በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ስላለው ነገር ግን፣ ይኸውም የችግረኞች ስም ስለሚጻፍበት መዝገብ፣ ሲነገር እምብዛም አንሰማም። ነገሩ የጸሐፊ ሥራ እየመሰለን እናልፈዋለን። ሆኖም በችጋር ጊዜ ስሙ ያልተጻፈ ሰው አይበላም። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ቢሞላ ለእርሱ ባዶ ነው። ስለዚህ ይህ መዝገብ በኢስላም ታሪክ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በምንስ እንደ ተፈተነ፣ በሀገራችንም በቅርብ ዘመን ምን እንደ ገጠመው በአላህ ፈቃድ አብረን እንመልከት።

ሰውን ቆጥሮ መጻፍ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የታወቀ ነበር። ሑዘይፋ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ነቢዩ እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች እንዲጻፉላቸው አዝዘው 1,500 ወንዶች ተጽፈዋል። ይህ ግን ቆጠራ እንጂ የርዳታ መዝገብ አልነበረም። በአቡበክር (ረ.ዐ.) ዘመንም የሚመጣው ገንዘብ ጥቂት ስለነበረ ሲመጣ ለሰው እኩል ይከፋፈል ነበር፤ መዝገብ አላስፈለገም።

ነገሩን የለወጠው ረሃብ ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 639) በሒጃዝ ዝናብ ጠፍቶ ምድሩ አመድ ስለመሰለ ዘመኑ «የአመድ ዓመት» ተባለ። የገጠሩ ሕዝብ ከብቱ አልቆበት ወደ መዲና ጎረፈ፤ በከተማይቱም ዙሪያ ሰፈረ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በዚያ ዓመት ቅቤና ሥጋ በአፋቸው እንዳልዞረ በኹጥባ ደጋግመን ሰምተናል። እምብዛም የማይነገረው ሌላው ሥራቸው ነው። በመዲና ዳርቻ በየአቅጣጫው ኃላፊዎች መደቡ፤ እነዚህም በየምሽቱ ወደ እርሳቸው ተሰብስበው በየሰፈራቸው የዋለውን ሁሉ ያስረዱ ነበር። ኢብኑ ሰዕድ እንደ ዘገቡት፣ ዑመር አንድ ምሽት ከማዕዳቸው የበላው ሰው እንዲቆጠር አዘዙ፤ ተቆጠረና 7,000 ሆነ። በዚህ አላበቁም። መምጣት ያልቻሉት፣ ማለትም በየድንኳኑ የቀሩት ቤተሰቦች፣ በሽተኞችና ሕፃናት ለብቻ እንዲቆጠሩ አዘዙ፤ እነርሱ ደግሞ 40,000 ሆኑ። ጥቂት ሌሊቶች አልፈው ሰው ሲጨምር እንደገና አስቆጠሩ፤ የመጡት 10,000፣ ያልመጡት 50,000 ሆነው ተገኙ።

አንባቢ ሆይ! በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ጥቂት ቆም በል። ኸሊፋው ማዕዳቸው ላይ የተቀመጠውን ብቻ ቆጥረው ቢሆን ኖሮ የሚያዩት 7,000 ሰው ነበር፤ ከችግረኛው ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ከዓይናቸው ይሰወር ነበር። ተሰልፎ የሚታየው በእግሩ መሄድ የቻለው ነው። በእኔ አስተያየት በርዳታ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በጣም ጥቂት ነው፤ ዛሬም ኮምፒዩተር ይዘው የሚሠሩ ሰዎች በዚሁ ነገር ሲሰናከሉ እናያለን። ሁለተኛው ነገር ቁጥሩ መታደሱ ነው። የባለፈውን ሳምንት ቁጥር ይዘው ለዚህ ሳምንት አልሰፈሩም።

ዲዋን የሚባለው ቋሚ መዝገብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 641) ያደርጉታል፤ 15ኛው ነው የሚሉም አሉ። እንደሚተረከው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከባሕረይን 500,000 ዲርሃም ይዘው ሲመጡ፣ ዑመር ቁጥሩን ለማመን ተቸግረው የሚሉትን ያውቁ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቋቸው። ገንዘቡ በእፍኝ የሚታደል አልሆነም። የሌላ ሀገር ነገሥታት መዝገብ እንዳላቸው ያዩ ሰዎች መከሩ፤ ምክሩም ተወደደ። የዘር ሐረግ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች፣ ዐቂል ኢብን አቢ ጧሊብ፣ መኽረማ ኢብን ነውፈልና ጁበይር ኢብን ሙጥዒም፣ እንዲጽፉ ታዘዙ።

ጸሐፊዎቹ በኒ ሃሺምን አስቀድመው፣ ቀጥሎ የአቡበክርን ወገን፣ ከዚያ የዑመርን ወገን ጽፈው አመጡ። ዑመር አልተቀበሉትም። ቅደም ተከተሉ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለው ቅርበት እንዲሆን፣ ዑመርንም በቦታው እንዲያስቀምጡት አዘዙ። ወገኖቻቸው በኒ ዐዲይ ይህን ሰምተው ቅሬታ ይዘው መጡ፤ አልተሰማላቸውም። ለኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ከገዛ ልጃቸው ከዐብደላህ አብልጠው ጻፉ፤ ልጃቸው ምክንያቱን ቢጠይቅ የኡሳማ አባት በነቢዩ ዘንድ ከአንተ አባት ይበልጥ የተወደደ ነበር አሉት። መዝገብ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በቅርብ ዘመዱ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዲዋኑን የድሆች መዝገብ ብቻ አድርገው የሚያወሩ ተናጋሪዎች አሉ፤ ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ የተጻፈው ለጂሃድ ለወጡትና ለቤተሰቦቻቸው የሚከፈል ዓመታዊ ድርሻ ነበር፤ ደረጃም ነበረው። የበድር ሰዎች 5,000 ዲርሃም ሲጻፍላቸው ዘግይተው የሰለሙት ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ዑመር ራሳቸው በመጨረሻ ዕድሜያቸው በሕይወት ቢቆዩ ሰውን ሁሉ እኩል ለማድረግ እንዳሰቡ ተዘግቧል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከደረጃው ሥር የነበረው የቀለብ መዝገብ ነው። አል-በላዙሪ እንደ ጻፉት፣ ለአንድ ሰው በወር ስንት እህል እንደሚበቃ ለማወቅ ዑመር ጀሪብ በሚባለው መስፈሪያ አንድ ጀሪብ አስቦክተው አስጋገሩ፤ በዘይት አስፈትፍተው 30 ሰዎች ጠርተው ምሳ አበሉ። ለእራትም እንዲሁ ተደገመ፤ ሁሉም ጠገቡ። ሁለት ጀሪብ ለአንድ ሰው ለወር እንደሚበቃ ተረጋገጠና ለባሪያ ሳይቀር ያው ተወሰነ። ልኩን ያገኙት በግምት ሳይሆን ሰው አብልተው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የሕፃኑ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ለልጅ ድርሻ የሚጻፈው ጡት ሲጥል ነበር። አንድ ሌሊት ነጋዴዎች መዲና ዳር አርፈው ሳለ ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጋር ሊጠብቋቸው ወጡ። የሕፃን ለቅሶ ሰሙ፤ እናቲቱን ልጅሽን አባብዪ ብለው ተመለሱ፤ ለቅሶው አልቆመም። በሦስተኛው ሲጠይቋት፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ዑመር የሚጽፈው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ያለ ጊዜው እያስጣልኩት ነው አለቻቸው። የፈጅርን ሰላት ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ሰው ቂርኣታቸውን መለየት አቃተው። ከሰላት በኋላ የስንቱን የሙስሊም ልጅ ነፍስ እንዳጠፉ ራሳቸውን ከሰሱ፤ ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲጻፍ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ለየግዛቱም ጻፉ። እንግዲህ ተመልከቱ! ደንቡን ያወጣው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ጸሐፊውም አልሰረቀም። በመዝገቡ ላይ ያለች አንዲት መሥፈርት ግን እናት ልጇን ጡት እንድትነሳ አደረገች። ይህን ያሳወቀው የሹማምንት ሪፖርት ሳይሆን በሌሊት በእግር መዞር ነው።

እድላውንም በወኪል ብቻ አልተዉትም። የኹዛዓን ጎሳ መዝገብ ራሳቸው ተሸክመው ቁደይድ ወደሚባለው ስፍራ ይወርዱ ነበር፤ ያገባችም ያላገባችም ሴት አትቀርም፤ ድርሻዋን በእጇ ይሰጧታል። ከዚያ ወደ ዑስፋን ያልፋሉ። በባል፣ በአባት ወይም በጎሳ አለቃ በኩል አልተላከላትም። ሙስሊም ላልሆነውም በይተል ማሉ ዝግ አልነበረም። አቡ ዩሱፍ በኪታብ አል-ኸራጅ እንደ ዘገቡት፣ በየደጁ የሚለምን ዓይነ ስውር አረጋዊ አይሁዳዊ አግኝተው፣ በጉልበቱ ዘመን ግብር ተቀብለን በእርጅናው መጣል ፍትሕ አይደለም ብለው ለእርሱና ለመሰሎቹ እንዲቆረጥላቸው አዘዙ።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ፤ የወሎ ረሃብ የብዙዎቻችንን ቤተሰብ ነክቷልና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ ሲያልቅ የጠፋው እህል ብቻ አልነበረም። ወሬው ተደብቆ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ሲታይ ነው ዓለም የነቃው። በዚያው ዓመት የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ቆይቶም የዝናቡን፣ የአዝመራውንና የገበያውን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል ነበረው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ግን ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ቢነገርም የሚሰማው በጊዜው አልተገኘም። መረጃ መኖሩ ብቻውን አያበላም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ አስቸኳይ ርዳታ መጠበቅን ለማስቀረት ታስቦ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ያዘ፤ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደረሰ። ጉልበት ያለው በእርከን፣ በመንገድና በውሃ ሥራ ይሳተፋል፤ ሽማግሌው፣ አካል ጉዳተኛውና ረዳት የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በደንቡ መሠረት ተጠቃሚውን የሚለየው የመንደሩ ሰው ራሱ ነው። ስሞቹ በስብሰባ ይነበባሉ፤ ተበደልኩ ያለ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይሄዳል። እኔም ከሽማግሌዎች ጋር እንዲህ ባለ ስብሰባ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስሙ ሲነበብ የሚያጉረመርመው ብዙ ነው። ተነሥቶ «የእገሊት ስም የለም፤ እርሷ ደግሞ ከአልጋ አትነሳም» የሚለው ግን ከስንት አንድ ነው። የ7,000ውና የ40,000ው ነገር እዚህም አለ ማለት ነው። የሕፃኑ ነገርም እንዲሁ፤ ነፍሰ ጡር እናት እርግዝናዋ ከተረጋገጠ ጀምሮ ልጇ ዓመት እስኪሞላው ከጉልበት ሥራ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር በ2007 ዓ.ም. በጀመረው ምዕራፍ ተደንግጓል። ደንብ ሰው ከተጎዳበት በኋላ ሲታረም ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚያ ደግሞ 2015 ዓ.ም. መጣ። የርዳታ እህል ለገበያ መዋሉ ተደርሶበት የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔም በመላ ሀገሪቱ የምግብ ርዳታን አቆሙ። እድላው በስፋት የቀጠለው በ2016 መጀመሪያ ወራት ላይ፣ ተጠቃሚው በዲጂታል መንገድ እንደገና እየተመዘገበ ነው። እህሉን ያልሰረቀው ችግረኛ ስድስት ወር ያህል ከሌባው ጋር ተቀጣ። መዝገቡ ታማኝ ሳይሆን ሲቀር ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

አዲሱ ምዝገባ በስልክና በኮምፒዩተር የሚያዝ ነው፤ መልካም ነው፤ አንድን ስም ሁለት ጊዜ ማስገባት ያስቸግራል። ነገር ግን የሰው ችግር፣ በሽታውና መኖሪያው አንድ ላይ ሲጻፍ የሰውየው ገመና ተጻፈ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ መውጣቱም ለዚህ ነው። በሱረቱል በቀራ 273ኛው አያህ ከመለመን ስለሚቆጠቡ፣ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ስለሚያስመስላቸው ድሆች ተነግሯል። እነዚህ ሰዎች ስማቸው በአደባባይ እንደሚነበብ ካወቁ አይመዘገቡም፤ ቢርባቸውም አይመጡም።

ይህ የእኛንም የመስጂድ ደብተር ይመለከታል። የዘካተል ፊጥር ስም ዝርዝራችን በየረመዷኑ ከአምናው ይገለበጣል። የቲም የነበረው ጎልምሶ ሱቅ ከፍቷል፤ ስሙ አለ። ባሏ በሻዕባን የሞተባት፣ ከሌላ ወረዳ ተፈናቅላ ቤት የተከራየች፣ እነርሱ የሉም። በየሰፈሩ ሁለት ሰው፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ከረጀብ ጀምሮ ቤት ለቤት ዞረው ያልመጣውን ቢጽፉ፣ ደብተሩም በሁለት ሰው እጅ ብቻ ተቆልፎ ቢቀመጥ፣ ብዙ ወጪ የለውም። ስም በድምፅ ማጉያ መጥራቱም ቢቀር እወዳለሁ።

አልፈልግም ያለውም ይጻፍ። ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኋላ ከማንም ምንም ላለመቀበል ቃል ገብተው ስለነበር ድርሻቸውን ከአቡበክርም ከዑመርም አልተቀበሉም። ዑመር ታዲያ ዝም ብለው ስማቸውን አልዘለሉም፤ ሐቃቸውን እንዳቀረቡላቸውና እርሳቸው እምቢ እንዳሉ ሙስሊሞችን አስመሰከሩ። ሐኪምም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከማንም አልተቀበሉም።