ከሚያንቀጠቅጥ ዓሣ እስከ ጀርባ ውስጥ ሽቦ፦ ሕመምን በኤሌክትሪክ የማስታገስ ታሪክ

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ለየት ያለ ሕክምና ተጠቅሷል። ንዳድ የያዘው ሰው ጠረጴዛ ላይ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ የሚያንቀጠቅጥ ዓሣ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረግበታል። በሽተኛው መላ አካሉን ክፉኛ ያመዋል፤ ንዳዱ ግን ዳግም አይመለስበትም ይላል መጽሐፉ።

ታሪኩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ሩቅ አይደለም። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። ስለ አገራችን ያስተማሩት በዋናነት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ እሳቸውም የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። መካነ ሥላሴ ደግሞ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር የነበረ ታላቅ ደብር ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ።

እንዲህ ያለ ዓሣ የእውነት አለ ወይ? አዎ። በባሮና በኦሞ ተፋሰስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የአምባዛ ዘር ይገኛል። የዚህ ዓሣ ዘመዶች እስከ 350 ቮልት ሊለቁ ይችላሉ፤ ለቅጽበት ብቻ ቢሆንም ቤታችን ሶኬት ላይ ካለው 220 ቮልት ይበልጣል። ሐሳቡም የእኛ ብቻ አልነበረም። ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ለሪህና ለራስ ምታት የባሕር ኤሌክትሪክ ዓሣ ያዝዝ ነበር።

ታዲያ ይሠራ ነበር? እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንደ ወባ ያለ ንዳድ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ያለ ምንም መድኃኒት ይተዋል። ሰው ደግሞ ዓሣ ፍለጋ የሚሄደው ሕመሙ ሲብስበት ነው። ከከፋው ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፣ ዓሣ ኖረም አልኖረም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

የሕመም በር

ክርናችሁ ከበር ጋር ሲጋጭ ወዲያው ምን ታደርጋላችሁ? ታሹታላችሁ። ለምን ያስታግሳል? ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ መልስ ሰጡ። በእነሱ ሐሳብ ህብለ ሰረሰራችን ውስጥ እንደ በር የሚሠራ ነገር አለ። ሥር የሰደደውን ሕመም የሚያመላልሱት ቀጫጭን ነርቮች ቀርፋፋ ናቸው፤ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። መዳሰስና መታሸትን የሚናገሩት ወፍራሞቹ ግን በሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ይፈጥናሉ። የወፍራሞቹ መልእክት ሲበዛ በሩ ለቀጫጭኖቹ ይጠባል። ንድፈ ሐሳቡ በኋላ በብዙ ዝርዝሩ ተስተካክሏል፤ መሠረቱ ግን ለኢንጂነሮች አንድ ጥያቄ አመጣ፦ ወፍራሞቹን ነርቮች በኤሌክትሪክ ብንነካካቸውስ?

ዎል ከሐኪሙ ዊልያም ስዊት ጋር ሆኖ መጀመሪያ በራሳቸው ፊት ነርቭ ላይ ሞከሩት፣ ከዚያ በሕመምተኞች ላይ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ኖርማን ሺሊ የተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። መሣሪያውን ያዘጋጀለት ቶማስ ሞርቲመር ገና የድኅረ ምረቃ የምህንድስና ተማሪ ነበር። (እኔም ተማሪ ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም።) መጀመሪያ የተተከለላቸው የሳንባ ካንሰር የነበረባቸው የ70 ዓመት ሰው ናቸው። ሕመማቸው ቀለለ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን አረፉ።

መሣሪያው ስፓይናል ኮርድ ስቲሙሌተር ይባላል፤ በአማርኛ «የህብለ ሰረሰር አነቃቂ» ልንለው እንችላለን። ሥራው ቀላል ነው፦ ከህብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ የሚቀመጡ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ባትሪ፣ በሰከንድ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ገደማ የሚላክ ትንሽ ምት። ሕመሙ በነበረበት ቦታ ውርር የሚል ስሜት ይመጣል።

በ1970ዎቹ ለብዙዎች ተተከለ። ነገር ግን የብዙዎቹ እፎይታ ከጊዜ ጋር ቀነሰ፤ ሽቦው ተንሸራተተ፣ ተበጠሰ፣ ቁስሉ መረቀዘ። ሺሊ ራሱ ቆይቶ መትከሉን ተወና ያለ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠሩ ዘዴዎች አዘነበለ። ዛሬ በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ የምናየው ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ቴንስ የሚባል መሣሪያም የዚህ ታሪክ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ያገለገለው ለተከላው ማን እንደሚሆን ለመለየት ነበር።

ጥያቄው ኮምቦልቻ ሲደርስ

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል። መጀመሪያ ከኮምቦልቻ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ። ለተቀመጠ ሰው ወገብ ክፉው ንዝረት በሰከንድ 5 ጊዜ አካባቢ የሚመላለሰው ነው፤ የአከርካሪያችን የተፈጥሮ ምት እዚያው አካባቢ ስለሆነ ንዝረቱ ይጎላል። የጭነት መኪና መቀመጫ ደግሞ ይህን በደንብ ይሰጣል። አሁን ወገቡን ያመዋል፤ ካመመው ዓመታት ሆነው።

አረብ አገር ያለችው ልጁ ስለ መሣሪያው ሰምታ «አባዬ፣ አብሽር፣ ህንድ ወስጄ አሳክምሃለሁ» አለችው። ገንዘቡ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመችው ነው። ዋጋው በአሜሪካ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ሌላም አገር ቢሆን ርካሽ አይደለም። አጎቴ ለእኔ ደወለና «አንተ እኮ ማሽን አዋቂ ነህ፤ ይሠራል ወይ? ደግሞ መጀመሪያ ለሳምንት ብቻ ይሞከራል አሉ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቋሚው ከመተከሉ በፊት ሙከራ አለ። ሽቦዎቹ በመርፌ ይገባሉ፣ ባትሪው ውጭ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሕመምተኛው ለሳምንት ያህል ቤቱ ሆኖ ያየዋል። ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ወደ ቋሚው ይታለፋል፤ ካልሆነ ሽቦው ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2020 ሐኪሞች ይህን ሙከራ እንዳይዘሉ በደብዳቤ አሳስቧል።

ሳምንቱ ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የእግር ሕመም ያልለቀቃቸውን 100 ሰዎች ተከታተለ። በ6 ወር ውስጥ የእግር ሕመማቸው በግማሽ የቀነሰላቸው መሣሪያው ከተሰጣቸው 48 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 9 በመቶ ነበሩ። ትልቅ ልዩነት ነው። ግን ሁሉም የተሰጠውን ያውቅ ነበር፤ ውርር የሚለው ስሜት መሣሪያው መብራቱን ይናገራል።

በኋላ ስሜት የማይሰጡ አዳዲስ የምት ዓይነቶች መጡ። ያኔ ሕመምተኛው ሳያውቅ መሣሪያውን ማጥፋት ተቻለ። ኖርዌይ ውስጥ ይህ በ50 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። መሣሪያው ሲሠራ የሰዎቹ አቅም ማጣት ከ100 ነጥብ በ10.6 ቀነሰ። ጠፍቶ ሳለስ? በ9.3። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። በ2023 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ስብስብ 699 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 13 ጥናቶች መርምሮ፣ ለወገብ ሕመም ዘላቂ ጥቅም የለውም የሚለው ያመዝናል ብሎ ደመደመ። መሣሪያውን የሚተክሉ ብዙ ሐኪሞች በዚህ አይስማሙም፤ በተለይ የነርቭ ጉዳት ላመጣው የእግር ሕመም ይጠቅማል ባዮች ናቸው።

አሁን ወደ ንዳዱ እንመለስ። የወገብ ሕመምም ይነሳል፣ ይበርዳል። ሰው አገር አቋርጦ የሚሄደው ሲብስበት ነው፤ ብዙ ገንዘብ ከፍሏል፣ ብዙ ተስፋ ይዟል። ስለዚህ የሙከራው ሳምንት «አይሆንም» ሲል እንመነው፤ ልጅቷን ከትልቁ ወጪ ያድናታል። «ይሆናል» ሲል ግን በግማሽ ልብ እንስማው።

ከሳምንቱ በፊት

ለአጎቴ የነገርኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሕመሙ ከምን እንደመጣ መጀመሪያ ደሴ ታይቶ ይታወቅ። በአገራችን የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ መድኃኒቱ ለወራት የሚዋጥ ክኒን እንጂ ሽቦ አይደለም። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የእግር መድከም ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ኮምቦልቻ ሲመለስ ማን ይከታተለዋል? ምቱ በየጊዜው በባለሙያ ይስተካከላል፤ ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል፣ ዓመታት ቆይቶም ይቀየራል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ተሻለኝ» የሚለውን መለኪያ አስቀድሞ ይጻፈው። እሱ ግን ቀደመኝ፦ «ሳምንቱን ካሻለኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ልጄ እዚያው ቆማ እያየችኝ?» አለ። በጣም ትክክል ነው። መለኪያው ከአገር ሳይወጡ መጻፍ ያለበት ለዚሁ ነው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር አሰፈረ፦ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ መስገድ፣ ሌሊት አራት ሰዓት ያለማቋረጥ መተኛት፣ ከቤቱ መስጊድ ድረስ ሳያርፍ መሄድ። ልጁም የመጀመሪያው ገንዘብ ለምርመራው እንዲሆን ተስማማች፤ የቀረው ባለበት ይቆያል።

እናንተም ቤት ወገቡን የሚያመው ሰው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ እንዲህ የሚያማቸው 619 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበሩ ተገምቷልና ብቻውን አይደለም። ስለ አዲስ መሣሪያ ሲጠይቃችሁ «ይሠራል ወይስ አይሠራም» ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ምን ማድረግ መቻል ትፈልጋለህ?» በሉት፤ መልሱንም ወረቀት ላይ ያስፍረው።